ዓርብ ዓርብ ከወይራው ሥር

ሴፕቴምበር 26፣ ዓርብ

እኩለ ቀን ላይ ጸጉር ቤቱን ዘጋሁ። የናሲም እናት ገና ካስክ ሥር ነበረች፤ ተነጫነጨች። «ካልደረቀልሽ ሸለቆ ወርደሽ በፀሐይ አድርቂው» አልኳት። አልወረደችም። ማን ይወርዳል?

አንቶን ታጣፊ ወንበሮቹን ተሸክሞ ከፊት፣ እኔ እናቱን ደግፌ ከኋላ። አማቴ ዋርዴ በዚህ ዕድሜዋ አንድ ዓርብ አትቀርም። ቁልቁለቱን ስታማርር ትወርዳለች፤ ወይራዎቹ ጋ ስትደርስ ዝም ትላለች።

ያው እኛው ነን፣ የቤተልሔም አካባቢ ጥቂት ካቶሊኮች። መሠዊያው ድንጋይ ላይ የተነጠፈ ነጭ ጨርቅ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ዙሪያውን ጠጠር ተጭኖበት። ከማዶ ኮረብታ ላይ የወታደሮቹ ዶዘር ይቆፍራል። ቄሳችን አባ ሱሄይል ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር እሱም ከፍ የሚያደርግ ይመስለኛል። ሆን ብሎ? ኧረ እሱ እንኳ የሚሰማን አይመስለኝም።

ዛሬ የሕዝቡን ልመና እኔ እንዳነብ ሰጡኝ። ለታመሙት... ለታሰሩት... ለተሰደዱት... ጥሩ አድርጌ ነው ያነበብኩት፤ በድምፄ አልታማም። ከዚያ «መሬታችንን ለሚወስዱብን ሰላምህን ስጣቸው» የሚል መጣ። ቀና አልኩ። ዶዘሩ እዚያው ነው። አፌ እንቢ አለ። ዘለልኩትና በቀጥታ ወደ ሙታን ሄድኩ።

አባ አዩኝ። ቢናገሩኝ ይሻል ነበር።

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ

መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። ማን ነገራቸው? እዚያ የነበርነው እፍኝ የማንሞላ ሰዎች ነን።

«ለጠላቶችሽ አልጸልይም አልሽ አሉ» አለችኝ የናሲም እናት፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ለዘመዶቼ ጸልዬ መች ጨረስኩና» አልኳት።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ኃጢአት ነው? ይሆናል። ውሸት ግን አልነበረም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር... ትንሽ ኮራሁ።

ሴፕቴምበር 29፣ ሰኞ

አባ ሱሄይል ቤት መጡ። መጣብኝ ብዬ ሻዩን አስገነፈልኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ!

«ናጅላ፣ የዓርቡን ነገር...»

«አባ፣ አልወጣ አለኝ። ምን ላድርግ?»

«አውቃለሁ። እኔም አንዳንድ ቀን ጥርሴን ነክሼ ነው የማወጣው።»

ይህን አልጠበቅኩም። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ደክሟቸዋል። ስኳር ጨመርኩላቸው።

«እንግዲያው የማታምኚበትን እግዚአብሔር ፊት አትበይ» አሉኝ። «የምታምኚበትን ጻፊና አምጪ። ስለ ሰላም፣ ስለ ፍትሕ። ለእኛ የሚሆን።»

«እኔ? እኔ የማውቀው ጸጉር ነው አባ!»

«ሰው የሚናዘዘው አንቺ ጋ ነው። እኔ ጋ የሚደርሰው ከአንቺ የተረፈው ነው» ብለው ሳቁ።

ሲወጡ አንቶን ተቀበለኝ። «እንግዲህ እግዚአብሔርንም ጸጉሩን ልታስተካክይው ነው» አለ። ትራስ ወረወርኩበት።

ኦክቶበር 1

ጻፍኩ። ሰረዝኩ። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ሁሉን ታያለህ...» ካየ ታዲያ ለምን እነግረዋለሁ? ሰረዝኩ። ቆንጆ ቃል ስፈልግ ውሸት ይመጣብኛል። ነገ ደንበኞቼ እንደሚያወሩት አድርጌ ልሞክር።

ኦክቶበር 3፣ ዓርብ

ለጸሎት ስንወርድ የወታደሮቹን ወረቀት አገኘን። በየእርከኑ ድንጋይ ተጭኖበት፣ በእነሱ ቋንቋና በእኛ ቋንቋ። ዶዘሩ የሚቆፍርለት አጥር በላይ በኩል ያልፋል ይላል። ወይራዎቹ ከአጥሩ ወዲያ፣ እኛ ከአጥሩ ወዲህ። የአንቶን እርከን ላይ አለ። የአባቴ እርከን ላይም አለ... አሁን የወንድሜ የሚትሪ ነው። አማቴ ዋርዴ ማንበብ አትችልም፤ «ምን ይላል?» አለች። ፊታችንን አየችና ገባት።

ጁማና አብራን ነበረች፤ የመንደራችን ጠበቃ፣ የሠርጓን ቀን ጸጉሯን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከጸሎቱ በኋላ ሰበሰበችን።

«ፍርድ ቤት የጦሩ ጠበቆች የሚሉትን ልንገራችሁ» አለች። «ቦታው ሰው የለውም ይላሉ። ዓርብ ዓርብ ጥቂት ሽማግሌዎች ወንበር ይዘው ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ ይላሉ። እኔ መንደሩ በሙሉ እዚህ ነው ማለት አለብኝ። እንዴት ልበል?»

እንዴት ትበል? የመንደሩ እኩሌታ ኦርቶዶክስ ነው፤ ከእነሱ አንድ ሰው ሸለቆ ወርዶ አያውቅም። ይህን ጸሎት እኛ ካቶሊኮቹ ያለ እነሱ ጀመርነው፤ እነሱም ተቀየሙ። ወይራው ግን የእነሱም ነው፤ እንዲያውም ከኛ ይበልጣል። እና የእነሱን ሐሳብ የሚያስቀይር አንድ ሰው ቢኖር መሪያቸው፣ ዜማ አውራጃቸው፣ ያ ግትር ወንድሜ ነው። ሚትሪ ከመጣ ሁሉም ይመጣሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ

ሚትሪ ሱቅ ሄድኩ። የወይራ እንጨት መስቀል እየላገ ነበር፤ ቅንድቡ ሳይቀር ሰጋቱራ ለብሷል። ቀና አላለም።

«ወረቀቱን አየሁት» አለ።

«እንግዲህ ና።»

«ወዴት?»

«ወዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ዓርብ።»

«የናንተ ቄስ ጠይቆኛል? ስትጀምሩ ጠይቃችሁናል? የአባቴ ዛፍ ሥር ወንበር ስትዘረጉ ማን አስፈቀደኝ?»

«አባትህ አባቴ ነው።»

«አንቺ ካቶሊክ አግብተሽ ሄድሽ።»

«ሄድኩ? ከመንገዱ ማዶ ነው የሄድኩት! ከመስኮትህ ልብሴን ስሰቅል ታየኛለህ።»

ሳሚያ፣ ሚስቱ፣ ከጓሮ ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። እሱ አልሳቀም። መላጊያውን አስቀመጠ።

«ደግሞ ጸሎታችሁ አይጥመኝም» አለ። «ሰላም፣ ሰላም፣ ሰላም። ጎረቤት ሲጣላ እንደሚያስታርቅ ሰው። የኛ ነገር ጠብ ነው እንዴ? ተነጥቀን ነው እንጂ! መጀመሪያ ፍትሕ የሚል ቃል ጮክ ብሎ ይባል፤ ያኔ እመጣለሁ።»

ከቦርሳዬ ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩለት። ያው የጻፍኩትን። «ጌታ ሆይ፣ ፍትሕን ስጠን። ከፍትሕ ጋር ሰላምን ስጠን። አያቶቻችን የተከሉትን እኛ እንልቀም። የታሰረውን ለእናቱ መልስ። የተነጠቀውን ለባለቤቱ መልስ። ልጆቻችን ሻንጣቸውን ከሚያዘጋጁበት ክፍል ግባና ከእነሱ ጋር ተነጋገር...»

እዚህ ላይ አቆምኩ። የእሱ ልጅ ባለፈው ዓመት ነው ቺሊ የሄደው።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«አንቺ?» እያየኝ ቆየ። «አንቺማ ትምህርት ቤት ድርሰትሽን እኔ ነበርኩ የምጽፍልሽ።»

«ለዚህ ነዋ የወደቅኩት።»

አሁን ሳቀ። «አባ አንድራዎስን አናግራለሁ» አለ። ያ አንደበት «እሺ» አይልም፤ እኔ ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ።

እየዘለልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ኦክቶበር 9

ሁለቱ ቄሶች ተገናኙ። የነሱ አባ አንድራዎስና የኛ አባ ሱሄይል። በአንድ ሶፋ ላይ! አባ ሱሄይል ነገሩኝ፤ መጀመሪያ ስለ ጉልበት ሕመም ብቻ አወሩ፤ ሁለቱም ያማቸዋል። ከዚያ ነገሩ ቀለለ። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ፣ 17፣ ሁሉም በአንድነት።

እንግዳ የምቀበለው እኔ ነኝ አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም።

ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

ወገቤ... ሴቶቹን ሁሉ ወጥ ቤቴ ሰበሰብኳቸው። ዱቄት እስከ ኮርኒስ። ነገ ዓርብ ነውና ሥጋ የሚባል እንዳይገባ አልኩ፤ ራሴ ነኝ ያስጠነቀቅኩ። ስለዚህ አይብ። ነጭ አይብ በጥቁር አዝሙድ የታሸገባቸው ትናንሽ ዳቦዎች፣ በአይብ የተሞላ ጣፋጭ፣ እርጎ በዱባ... የናሲም እናት እንኳ መጥታ አጠፈች። እጇ ደህና ነው፤ አፏ ባይኖር።

አንቶን አንዱን ሰርቆ ሲበላ ያዝኩት። «ለዚህማ እኔም ኦርቶዶክስ እሆናለሁ» አለ።

እንዲህ ያለ ገበታ መንደሩ አይቶ አያውቅም። ነገ ያያል።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

መጡ። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ፤ ሌላው ይቆይ። መጡ። ወታደሮቹ መንገዱን ዘግተውባቸው በላይ በኩል ዞረው፣ የጊዮርጊስን ባንዲራ ይዘው፣ ሕፃን አቅፈው፣ አሮጊት ደግፈው። ሚትሪ ከፊት እየዘመረ። ድምፁ ከወይራዎቹ በላይ ሲመጣ አንገቴ ሥር ጸጉሬ ቆመ። አማቴ ዋርዴ «ያንቺ ወንድም ነው?» አለችኝ፤ ጠፍቷት አይደለም፤ «አዎ፣ የኔ ነው» እንድል ነው። አልኩ።

ላብ በላብ ሆነዋል። እንግዳ እየራበው ጸሎት ይቁም? አባ ሱሄይል «ከጸሎት በኋላ» አሉ። «አባ፣ ይህን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኩ። ጨርቁን ከገበታው ላይ ገፈፍኩት።

ማንም እጁን አልዘረጋም።

አፍረው መሰለኝ። ዳቦውን አንስቼ ራሴ ለሚትሪ አቀበልኩት። ከፈተው። ነጩ አይብ ታየ። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ናጅላ» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዓርብ ነው።»

ዓርብ! ኦርቶዶክስ ዓርብ አይብ ይበላል? ወተት ይቀምሳል? እናቴ ዓርብ ድመቷን እንኳ ወተት የከለከለች ሴት ናት! በጾም ሰሃን እንዳላደግሁ... ሠላሳ ዓመት ካቶሊክ ቤት ኖሬ፣ ጾም ከሥጋ ብቻ መስሎኝ።

አባ አንድራዎስ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አንዱን አንስተው ባረኩት፣ በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው አገቡት፣ «ለነገ» አሉ። በዚያ ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን ከእነሱ አንዱ «ሆን ብላችሁ ነው፣ ጾማችን መቀለጃ ነው?» አለ። ከኛ አንዱ «ዶዘር አናታችን ላይ ቆሞ የአይብ ነገር ታወራላችሁ?» አለ። ከዚያ ማን ምን እንዳለ... የቆየው ሁሉ ወጣ። የመቃብሩ አጥር፣ የደወሉ፣ ያኔ ሳይጠየቁ የተጀመረው...

ባንዲራውን አዙረው ወጡ። ሚትሪ መጨረሻ ላይ ነበር። አልዞረም።

ጸሎቱ አልተጸለየም። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ኮረብታው ላይ ጂፕ ቆሞ ነበር፤ ወታደሮቹ ከላይ ሆነው ሁሉንም አዩ። ስንጣላ አዩን። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ጸጉር ቤቱን አልከፈትኩም።

ኦክቶበር 20፣ ሰኞ

ጁማና ደወለች። ፍርድ ቤቱ በሚመጣው ወር መጀመሪያ። «የዓርቡን ሰምቻለሁ» አለች። እነዚያ ወይራዎች በአይብ ምክንያት ቢሄዱ... በእኔ ምክንያት...

እራት ላይ አለቀስኩ። አንቶን እንደ ልማዱ ሊያስቀኝ ፈለገ፣ አልቻለም። ዋርዴ ዳቦዋን አስቀምጣ እየሰማችን ነበር።

«እነሱ የማይበሉትን እኛም አንብላ» አለች።

«እንዴት እማዬ?» አለ አንቶን።

«እንዴት ምን አለው? ዓርብ ዓርብ። አንድ ላይ ልንጸልይ ነው ካልን አንድ ላይ እንጹም። ለእኔ ምን ይቀርብኛል? ጥርስ የለኝ።»

«በሻይዬ ውስጥ ወተት ልተው?»

«ለሸለቆህ ስትል ትተዋለህ» አለችው።

ስንት ዓመት አማቴን የማውቃት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ብድግ ብዬ ግንባሯን ሳምኩት።

ኦክቶበር 22፣ ረቡዕ

ሁለት ቀን ቤት ለቤት ዞርኩ። አባ ሱሄይል ከመስበኪያው አይናገሩ አልኳቸው፤ ትእዛዝ ከመሰለ ማንም አይሰማም። በየወጥ ቤቱ ገባሁ። አንዳንዷ «እኛ ካቶሊክ ነን፣ ለምን በነሱ ሕግ?» አለች። «ሕግ አይደለም። እንግዳ እንዴት እንደሚያዝ ረሳሁ፤ እንድታስተምሩኝ ነው የመጣሁት» አልኩ። ለእኔ ይህን ማለት... ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም። የናሲም እናት በሩ ላይ አቁማኝ አየችኝና «አንቺ ለምነሽ እንቢ ማለት ያስፈራል» አለች። ምስሩን እሷ ልታበስል ነው።

አመሻሽ ላይ ሚትሪ ሱቅ ሄድኩ። መላጊያው ይሄዳል፣ ይመለሳል።

«ረሳሁ» አልኩት። «ንቄ አይደለም። ረሳሁ። ይህ ይብሳል፣ አውቃለሁ።»

መላጊያውን አላቆመም።

«ከዚህ ዓርብ ጀምሮ እኛም እንጾማለን። ሁላችንም።»

መላጊያው ቆመ። «ካቶሊኮቹ?»

«ዋርዴ ናት የጀመረችው።»

«ዋርዴ!» አለ። ሰጋቱራውን ከቅንድቡ ጠረገ። «እናታችን እኮ ድመቷን...»

«አውቃለሁ።»

«ድመቷ ዓርብ ዓርብ ጎረቤት ሄዳ ነበር የምትጠጣው።» እና ሁለታችንም ሳቅን፣ እኔ ደግሞ ትንሽ አለቀስኩ፤ እሱ እንዳላየ ሆነ። እመጣለሁ አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ኦክቶበር 24፣ ዓርብ

መሽቷል፤ ግን ሳልጽፈው አልተኛም።

ሸለቆው ተዘግቷል። መውረጃው ላይ የብረት በር፣ ሁለት ጂፕ፣ ወታደሮች። ወታደራዊ ክልል ነው አሉ፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ። ወንበሮቻችንን ተሸክመን ቆምን። አባ ሱሄይል መኮንኑን ለማነጋገር ሞከሩ፤ እጁን አወናጨፈባቸው። ከኛ አንዳንዱ መመለስ ጀመረ። በልቤ ይኸው አለቀ አልኩ።

ከዚያ ከላይ ድምፅ። መጀመሪያ ሩቅ፣ ከዚያ ቀረብ። ያው ድምፅ! ባንዲራው በመታጠፊያው ላይ ብቅ አለ፤ ከኋላው ከባለፈው የበለጠ ሰው። ሚትሪ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ወታደሩን አየ፣ ዞሮ እኔን አየ።

«ምስር አለ?» አለኝ።

«ምስር በሩዝ። ሽንኩርቱ በዘይት።»

«እንግዲያው እዚሁ እንጸልያለን። ከዚያ እንበላለን። በቅደም ተከተሉ፣ እህቴ።»

ሰው ሳቀ። በዚያ ሁሉ ጠመንጃ ፊት ሰው ሳቀ። ጨርቁን አስፋልቱ ላይ፣ በሩ ሥር አነጠፍን። ሁለቱ ቄሶች ጎን ለጎን፤ የሁለቱም ጉልበት እኩል አልታጠፍ አለ። መኮንኑ በድምፅ ማጉያ ተበተኑ አለ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ሕፃናቱን ወደ መሃል አስገባናቸው።

አባ ሱሄይል ወደ እኔ አዩ። ወረቀቱን አወጣሁ። «ጌታ ሆይ፣ ፍትሕን ስጠን። ከፍትሕ ጋር ሰላምን ስጠን...» በየመስመሩ ሚትሪ «ኪርያላይሶን» ይላል፣ ሕዝቡ ይከተለዋል። የኛዎቹ ዜማውን አያውቁትም፤ ግን አሉት፤ አንቶን ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ቧንቧ ነው፣ እሱም አለው። አያቶቻችን የተከሉትን... ኪርያላይሶን። የታሰረውን ለእናቱ... ኪርያላይሶን።

ወረቀቱ አለቀ። ቀና አልኩ። ከበሩ ወዲያ የቆመው ወታደር እዚያው ክንድ በሚደርስበት ርቀት ነው። ጢሙ በወጉ አልበቀለም። ቆቡ ሥር ጸጉሩ በደንብ ያልተቆረጠ፣ አንዱ ጎን ረዝሞ... ያን ማን ቆረጠው? እጁ ጠመንጃው ላይ ጠብቋል። ይፈራል። እኔን!

ያልጻፍኩት ወጣ። ከየት መጣ? አላውቅም።

«ጌታ ሆይ» አልኩ፣ «ይህን በር የዘጋውን ልጅ ወደ እናቱ ቤት መልሰው። እኛንም ወደ ዛፋችን መልሰን።»

ሚትሪን ማየት ፈራሁ። ለእነሱ አልጸልይም ያልኩ እኔ፣ ፍትሕ ካልተባለ አልመጣም ያለ እሱ... ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ከሁሉም ረዘም አድርጎ። «ኪርያላይሶን።» ሕዝቡ ተቀበለው። አስፋልቱ ሲነዝር በጫማዬ ተሰማኝ።

ወታደሩ ቋንቋችንን ይስማ አይስማ አላውቅም። ዓይኑን ግን አነሳ።

ከዚያ ቁጭ ብለን ምስር በላን። መኮንኑ ማጉያውን ይዞ እያየን። ጁማና ሁሉንም በስልኳ ቀረጸችው፤ ማን እንዳለ፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ቄስ፣ አጠገብ ለአጠገብ።

ኮርቻለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ኮርቻለሁ። በራሴ ብቻ አይደለም። በአንቶን ድምፅ እንኳ።

ኦክቶበር 25

የናሲም እናት፦ «ዘለልሽው ያሉትን መልሰሽ አመጣሽው አሉ።»

«ያኛው አይደለም። ይሄኛው የራሴ ነው» አልኳት። እስክታስብበት ካስኩን አጠፋሁባት።

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ

ፍርድ ቤቱ፦ ቁፋሮው እስከ ፀደይ ይቁም፣ በሩም ለለቀማ ይከፈት። አሸነፍን አይባልም። ጁማና «ጊዜ አገኘን» አለች። ጊዜ ጥሩ ነው።

ወረድን፣ ሁላችንም። የአንቶንን ዛፎችና የሚትሪን ዛፎች አንድ ላይ ለቀምን። የማን ምንጣፍ የማን እርከን ላይ እንደተዘረጋ ተምታታ። አማቴ ዋርዴ ከሥር ተቀምጣ ቅጠሉን ከፍሬው ትለይ ነበር፤ ከአባ አንድራዎስ ጋር ስለ ጉልበት ሕመም ስታወራ ዋለች። ምን ያህል መድኃኒት አለ መሰላችሁ ለጉልበት! መንደሩ በሙሉ ሐኪም ነው።

ልጁ፣ የሚትሪ ልጅ፣ ከቺሊ ደውሎ ጁማና የለቀቀችውን ቪዲዮ እዚያ ሰው ሁሉ እያየው ነው አለ። «አክስቴ ናት ብዬ ማንም አላመነኝም» አለኝ። ስልኩን ለአንቶን ሰጥቼ ዞር አልኩ።

ኖቬምበር 28፣ ዓርብ

ሙሽራ ነበረችብኝ፤ ጸጉሯ አልያዝ ብሎ አቆየኝ። ሸለቆ ስንደርስ ጸሎቱ ተጀምሯል። መቀመጫ የለም። መቀመጫ የለም! አንቶን የያዛቸው ወንበሮች የሚዘረጉበት አጡ። አውቶቡሶች ከላይ ቆመዋል፤ ከቤተልሔም፣ ከራመላ፣ ከሰሜን መንደሮች። ቄሶቹ ጋ የሚታየኝ የባንዲራው ጫፍ ብቻ። ያካፋል፤ ማንም አልሄደም።

መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ከፊት ልመናው ተጀመረ፤ አንዲት የማላውቃት ልጅ ናት የምታነበው። የምታነብ እንኳ አይመስልም። ሰው ሁሉ አብሯት ይላል። «ጌታ ሆይ፣ ፍትሕን ስጠን...» ከዚህ እስከ እርከኑ ጫፍ። ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

አጠገቤ አንዲት ወፍራም ሴት ነበረች፣ ከዝናቡ ጭንቅላቷ ላይ ፌስታል ያጠለቀች። በክርኗ ጎሸመችኝ።

«አታውቂውም እንዴ? ግድ የለም፣ እኔን ተከተይ።»

መራችኝ። መስመር በመስመር፣ እንደ ሕፃን። መጨረሻው ላይ ስትደርስ «ይህን በር የዘጋውን ልጅ ወደ እናቱ ቤት መልሰው፣ እኛንም ወደ ቤታችን መልሰን» አለች።

«ወደ ዛፋችን ነው» አልኩ። አመለጠኝ።

ዞራ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። «የኔ እመቤት፣ እናንተ ዛፍ አላችሁ። የኛን ቤት ነው ያፈረሱት። ስለዚህ እኛ ጋ ቤታችን ይባላል። አንቺ የለመድሽውን በይ።» ከዚያ ላልተማረ ሰው እንደሚያስረዱ ጎንበስ ብላ፣ «ከድሮ የመጣ ጸሎት ነው እኮ። አያቴ ስትለው ሰምቻለሁ» አለች።

አንቶን አፉን ሲከፍት አየሁትና እግሩን ረገጥኩት። አያቷ ስትለው ሰምታለች! በደንብ ፊቷን አየሁት። አትዋሽም። እውነት ይመስላታል።

ሕዝቡ ልመናውን መድገም ሲጀምር ፌስታሏን ከፍ አድርጋ ጠጋ አለችኝ።

«ከመጀመሪያው በይልኝ፣ እንድይዘው» አልኳት።

አለችልኝ። ቃል በቃል ተከተልኳት፤ ወደ ቤታችን ብዬም ጨረስኩ።